ቦይ

በእኛ ቋንቋ ቦይ ማለት የውሃ መንገድ ነው፣
ጎመን ለማጠጣት ሰው በዶማ ያበጀው።
በእንግሊዝ ሁለት ነው፤ በጆሮ ግን አንድ፤
አንደኛው፣ እናቱ የወለደችው ወንድ፣
አንደኛው ባሕር ላይ ተንሳፎ፣ ታስሮ፣
ለመርከብ ምልክት፣ ቀይ የብረት ከበሮ።
ሲጽፉት ይለያል፤ አንዲት ፊደል አለች፣
ለብዕር የታየች፣ ከምላስ የሸሸች።

የእኛ ግልባጩ ነው። «አለ» ብለህ ብትጽፍ፣
ላልቶ ሲነበብ ሰው ተናግሮ ሲያልፍ፣
ጠብቆ ሲነበብ ሰውየው አልሞተም፤
ዓይን ነው የሚስተው፣ ጆሮ አይሳሳትም።

ኮርንዎል ነው አገሩ፣ ድንጋያም ዳርቻ፣
ፖርትሬቫን መንደሩ፣ ሠላሳ ቤት ብቻ።
የኅዳር ሌሊት ነው፤ ታምሲን ተረኛ ነች፣
ሦስተኛ ሳምንቷ፣ ሻይዋን ረስታለች።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሬዲዮው ጮኸ፦
«ቦይ... ውሃው ላይ... ከዓለቱ ወዲህ ማዶ...»
ከዚያ ሽሽሽታ ብቻ፤ ድምፁ ሄዶ፣ ሄዶ።
«ይድገሙት» አለች። ሽሽሽ። «እባክዎ ይድገሙ።»
ባሕርና ሰማይ አብረው አጉረመረሙ።

ብረቱ ከሆነ፣ ሰንሰለት የበጠሰ፣
ነገ ይለቀማል ማዕበሉ ካነሰ።
ልጅ ከሆነ ግን፣
እዚህ ላይ አላሰበችም። እጇ ቀደመና
ደወሉን ተጫነች። ሰባት ሰው ወጣና
ቦቲውን እየሳበ ሮጠ በጎዳና።
ዴንዚል ፓስኮ መሪው፣ ስድሳ ሁለት ዓመቱ፣
በፒጃማው ላይ ካፖርት፣ ተከፍቶ ደረቱ።

በየመስኮቱ መብራት አንድ በአንድ በራ።
እናቶች ተነሱ ማንም ሳይጣራ፤
አልጋ አልጋ ዳበሱ፤ ጸጉር፣ ትከሻ፣ እግር፣
በጣት እንጂ በአፍ የማይነገር ቁጥር።
ላቭዴይ ሦስት ወልዳ፣ አራት ራስ ቆጠረች፤
ከጎደለ ይልቅ የተረፈ ፈራች።
ደግማ ስትዳብስ፣ ከግድግዳው ወዲያ
የጎረቤት ጩኸት ሰነጠቀው ጣሪያ፤
ኬረንዛ ነች። የጆሪ አልጋ ባዶ፣
እንግዳ ማደሩን ረስታው፣ ልቧ ተናዶ፣
በባዶ እግሯ ወደ ባሕሩ ልትሮጥ።
ላቭዴይ ግድግዳውን በጡጫዋ ስትቀጠቅጥ፦
«አለ! እኔ ጋ አለ! ጆሪ እዚህ ነው ያለው!»
በእኛ ቋንቋ እኔ ነኝ የመለስኩላት፤
አደራ፣ አንባቢ፣ አጥብቀህ አንብባት።

ጎህ ሲቀድ ጀልባዋ ተመለሰች ዝላ፣
ቀዩን ብረት ይዛ፣ ዛጎል ያጎፈላ።
ሰባቱም ተሳደቡ፣ ሰባቱም ሳቁ፤
እንዲህ ያለ ስድብ ምርቃት ነው፣ ያውቁ።
ታምሲን መዝገቡ ላይ፣ «ቀይ። ብረት። አንድ።»
ያቺን የሸሸች ፊደል ጻፈች እጇ ሲርድ።

ሞርዌና መጣች ብርድ ልብስ ታቅፋ፤
በአርባ ዓመት አንድ ደወል አታውቅም አልፋ።
ለማን እንደያዘች የሚጠይቃት የለም፤
ስሙን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጠራውም።
ቀዩን ብረት አየች፤ ዴንዚልንም አየች፣
ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ። ብርድ ልብሱን ዘረጋች፤
ሽበታም ራሱ ላይ ጣል አድርጋ፣
«ና ቤት እንግባ፣ ቦይ፤ ነፋሱ ሳይወጋ።»

እዚያ ሰፈር ወንድ ሁሉ፣ ቢሸብትም፣ ቦይ ነው።
ታምሲን በመስኮቱ ሰምታ፣ ብዕሯን አነሳችው፤
ይህኛው በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ
ቆማ አሰበች፣ ሻይዋን ይዛ፣ ቀዝቃዛውን፣ ባፍ ባፍ።